የበር ዋጋ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤት ወርዶ፣
ቆርቆሮ ጣራዋ በዝገት ተቀዶ
ያለችው ብየዳ ቤት የኔ ናት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከብረት ጋር ኖርኩኝ፤
አልጋ ስበይድ ነው ልጅ ያሳደግኩኝ፤
ራስጌው ላይ ርግብ ያለው የሙሽራ አልጋ፣
ለለቅሶ አግዳሚ፣ ያውም ያለ ዋጋ።

በርም እሠራ ነበር። ያን ጊዜ በር ማለት
ዶሮ መከልከያ፣ ልጅ የሚወዛወዝባት፤
ቁልፏ የገመድ ነው፤ የሳበ ይገባል፣
«ቤቶች!» ያለ ሁሉ «ደጅ አትቁም» ይባላል።

ካለፈው ጥምቀት ወዲህ አልጋ ያዘዘኝ የለም።
«ከፍ አድርገው። ጫፉ ላይ ጦር ጨምርበት።
ከውስጥ ሦስት መወርወሪያ፤ ማያ ቀዳዳ አውጣለት።»
መምህር እንየው መጣ፣ ደሞዙን እንዳለ ሰጠኝ፤
ባለ መድኃኒት ቤቱ መጣ፣ አጥሩን ሁለቴ አስለካኝ።
ከማራኪ፣ ከአዘዞ፣ ከአውቶብስ ተራ ጀርባ
ሰው ይመጣል፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ ግን አያነባ፤
ቁጥር ብቻ ነው የሚያወራው፦
ሁለት ሜትር ከሃያ ቁመቱ፣ ሦስት ሚሊ ላሜራው።

የነገሥታቱ ግቢ እንኳ አሥራ ሁለት በር አለው፤
ለእምቢልታው በር አለው፣ ለተዝካሩ በር አለው፤
ለፍርሃት ብቻ የቆመ
ከዚያ ሁሉ አላየሁም።

እኔ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሰው በፈራ ቁጥር ከበርኩ፤
ሁለተኛ ማሽን ገዛሁ፤ ሞላልኝን ቀጠርኩ፤
ማታ ብሩን ስቆጥር እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።
አንድ ሌሊት ከቀሃ ማዶ ጥይት ተንጣጣ፤
ሚስቴ በጨለማው ውስጥ
«ነገ ገበያ አለህ» አለችኝ።
ቀልድ ነበር። አልሳቅንም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እትዬ ወርቅያንዣቡ መጡ።
ከኋላቸው፣ ጋሪ ላይ፣ በር ይንኳኳል።
አወቅሁት። አምና ሐምሌ የሠራሁት ነው፤
አረንጓዴው፣ ግራ ክንፉ ላይ ብየዳው የተንሻፈፈው።
(ያን ቀን መብራት እየሄደ እየመጣ አስቸግሮኝ ነበር።)
«ልሸጥልህ ነው» አሉኝ።

ጥጋቡ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የመጨረሻ ልጃቸው፣
ከአዘዞ ሲመለስ መሽቶበት ነበር።
ባጃጇ ተገኘች፣ መብራቷ እንደበራ።
ጥጋቡ የለም።
በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤
እሳቸው ቆጥረውት የማያውቁት ቁጥር ተጠራ።
ላሚቱ ሄደች፤ የአንገት መስቀላቸው ሄደ፤
ዕድሩ አበደረ፤ ባጃጇም ተሸጠች።
«የቀረኝ በር ነው» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣
ሽንኩርት የተረፋቸው ይመስል።

«ታዲያ ሌሊቱን እንዴት ይሆናሉ?»
«ተወኝ ልጄ። ማንን ልጠብቅበት?
ደግሞስ በዚህ ከተማ፣ ዛሬ፣ ሲንኳኳ የሚከፍት አለ?
በሌሊት ቢለቁት፣ እየሮጠ ቢመጣ፣
ደጅ ቆሞ እንዳያንኳኳ ብዬ ነው።
ቀጥ ብሎ ይግባ።»

አምና የተቀበልኳቸውን ሳላጎድል ቆጠርኩላቸው።
መቶ ብር መለሱልኝ፦ «ዝጓል እኮ።»

ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ።
በሩ ግድግዳዬን ተደግፎ ቆሟል፤
ሞላልኝ «ቀለም ላድሰው?» ይለኛል፤
ዝም እለዋለሁ።
ማታ ወደ ቤቴ ሳዘግም መንገዴን አጣምማለሁ፣
በእሳቸው ደጅ በኩል፤
ሁለት ቋሚ፣ መሃሉ ጨለማ፣
ከውስጥ አንዲት ኩራዝ፣ በነፋስ የምትሟገት።
በመንደሩ ሁሉ ያልተዘጋ ቤት እሱ ብቻ ነው፤
ውሻ እንኳ ደፍሮ አይገባም።

ትናንት አንድ ሰውዬ ከመኪና ወረደ፤
ላሜራውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤
«ጠንካራ ነው ይሄ። ስንት ትለዋለህ?»

«ተይዟል» አልኩት።

ቃሉን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«በማን?» አለኝ።

መነጽሬን ወደ ዓይኔ አወረድኩ፤
እሳቱን ለኮስኩ።